አጥንት የነካው ቅጠል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እቤቴ የተጨማደደ ወረቀት አይገኝም። የመብራት ቢል ይሁን የፒዛ ኩፖን፣ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አንጥፌ በጥፍሬ ጀርባ ሳላስተካክለው አላነበውም። ልጄ ሜሮን ታየኝና፣ "ማም፣ ኢትስ ጀንክ ሜይል" ትለኛለች። ቢሆንም ወረቀት ነው እላታለሁ። ወረቀት የታጠፈበትን አይረሳም።

ይቺን አባባል የወረስኩት ከማርጋሬት ነው፣ ከመጨረሻዋ አለቃዬ። ሰሞኑን ለዶክተር ቀጠሮ ሴንት ፖል ሄጄ ስመለስ ወደ ድሮው የመጽሐፍ ጥገና ወርክሾፓችን ጎራ አልኩ። ሙጫ የምናሞቅበት ጥግ ላይ ትልቅ ስካነር ቆሟል። ሁለት ትሑት ወጣቶች ተቀብለው ውሃ ሰጡኝ። ዛሬ አሮጌ መጽሐፍ ሲመጣ ፎቶ ይነሣና ሳጥን ይሠራለታል፤ መጠገኑ ለስንት አንዴ ነው። ክፋት የለውም፣ እጅ ያልነካው አይበላሽም። እኔ ግን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሣ ብዙ ቆየሁ። ያን ጥግ ለማታውቁት ልንገራችሁ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ሥራ የጀመርኩት እዚያ አይደለም። ሚኒሶታ እንደገባሁ ኢገን በምትባል ከተማ አንድ የመጽሐፍ ማሰሪያ ፋብሪካ ሁለተኛ ሺፍት ተቀጠርኩ። ማሽኑ ትኩስ ሙጫ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ ይተፋል፣ እኛ ጠማማውን እየለቀምን እናወጣለን። ሱፐርቫይዘራችን ከላኦስ የመጣ፣ ህሞንግ የሚባሉት ወገን የሆነ አንድ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ መጽሐፍ ሲገለጥ ጀርባው መሰንጠቁን በድምፁ ያውቃል። ከእሱ መስማት ተማርኩ። ትምህርቴ ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን የሚጣሉትን ጠማማዎች አስፈቅጄ ወደ ቤት እየወሰድኩ፣ በሽንኩርት ቢላ እየፈታሁ፣ እንዴት እንደተሰፉ አይቼ መልሼ እሰፋቸው ነበር። ባሌ "ቀን መጽሐፍ፣ ማታ መጽሐፍ፣ ማንበቡስ መቼ ነው?" እያለ ይተርበኝ ነበር።

አንድ ቀን ሜፕልዉድ ላይብረሪ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የመጽሐፍ ጥገና ረዳት እንደሚፈለግ አየሁ። አንድ ራሴ የሰፋሁትን መጽሐፍ ይዤ ሄድኩ። ማርጋሬት ረጅም፣ ሽበቷን እንደ ወንድ ያሳጠረች ሴት ናት። ማመልከቻዬን ወደ ጎን አደረገችና መጽሐፉን ገልጣ አሸተተችው።

"በምን ለጠፍሽው?"

"በስንዴ ዱቄት።"

"ማን አስተማረሽ?"

"ማንም። ገንፎ ላገነፋ ስል ቀጠነብኝ፣ መጣል አልወደድኩም።"

ሳቀች። "ሰኞ ነይ" አለችኝ። ደሞዙ ከኢገኑ ያንስ ነበር፣ ኢንሹራንሱ ይሻላል፤ የሚሞላውን ፎርም ብዛት ግን ተዉት።

የማርጋሬት ልማዶች ብዙ ናቸው። ጠዋት ካፖርቷን ሳታወልቅ የጀላቲኗን ጠርሙስ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ታቆማለች። ጀላቲን ነጭ ፍርፋሪ ነው፤ በውሃ ሲርስና ሲሞቅ እንደ ማር ይቀጥናል፣ የደከመ ወረቀት ሲቀቡት ነፍስ ይዘራል። እናት የጡጦ ወተት እንደምትሞክረው በክንዷ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠብ አድርጋ ሙቀቱን ትለካለች። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ቶሎ አትነካውም። ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እጇን ጉልበቷ ላይ ታደርጋለች። እኔ ስቸኩል፣ "መጀመሪያ እሱ ይይሽ" ትለኛለች። ቀለበት አታደርግም፣ ሳንድዊቿን ሌላ ክፍል ትበላለች፣ የወለቀ ብጣሽ ወረቀት እንኳ ከየት እንደወደቀ ሳታውቅ አትጥልም።

ሦስተኛው ሰው ሳጥን ሠሪያችን ጋሽ በረኸት ነበሩ። የአስመራ ሰው፣ በአማርኛ የተማሩ፤ ሰዋስዋቸው ከእኔ ይበልጣል። ስሳሳት፣ "ሓፍተይ፣ አንቺ ቋንቋው የቤትሽ ነው፣ ለዚያ ነው የማትጠብቂው፤ እኔ ግን በኩርኩም ነው የተማርኩት" ይሉኛል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ክረምት፣ በረዶው ፓርኪንጉን በዘጋበት ሰሞን፣ ራጄሽ የሚባል ኢንጂነር ከፕሊማውዝ እናቱን ይዞ መጣ። ሁሉም "ባ" ይሏቸዋል፤ በጉጅራቲ እናት ማለት ነው። ነጭ ሳሪ ላይ የሚኒሶታ ካፖርት ደርበው፣ እቅፋቸው ውስጥ በቀይ የጥጥ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘዋል። ከቤት እስከ እኛ ድረስ ጭናቸው ላይ ነው የመጣው፤ መሬት አይነካም፣ እግር ባለበት አይቀመጥም። ጨርቁ ሲፈታ በሁለት የእንጨት ጣውላ መካከል የተደረደሩ፣ ክንድ የሚያህሉ ጠባብ የወረቀት ቅጠሎች ወጡ። አልተሰፉም፣ አልተጠረዙም።

የጃይኖች ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ጃይኖች ሕንድ ውስጥ ያሉ፣ ነፍስ ያለውን ሁሉ አለመጉዳትን የሃይማኖታቸው መሠረት ያደረጉ ሰዎች ናቸው። መጽሐፉ የአስተማሪዎቻቸውን ሕይወት ይተርካል፤ ቋንቋው ዛሬ የማይነገር ነው፣ እንደኛ ግዕዝ በሉት። በዝናቡ ወራት ማብቂያ ግድም ትልቅ ጾም አላቸው፤ ያን ጊዜ ይነበባል። የባ አያት ቅድመ አያቶች ያወረሱት ይህ መጽሐፍ አሜሪካ ከመጣ ጀምሮ አንድም ጊዜ አልተነበበም፤ ቅጠሎቹ ሲነኩ ይፈረፈራሉ። ባ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ የዚያን ዓመት ጾም ላይ በገዛ መጽሐፋቸው ሲነበብ መስማት ነበር ምኞታቸው።

"ከመሞቴ በፊት ትላለች" አለ ራጄሽ እያፈረ። "ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትለው፤ ዶክተሯ ግን ከልጅሽ የተሻለ ልብ አለሽ ይላታል።"

ባ ደንባቸውን ነገሩን። እጅ ይታጠብ። ሲነበብ ምራቅና ትንፋሽ እንዳይነካው አፍ በጨርቅ ይሸፈን። ቆዳ አይቅረበው። ማርጋሬት ሁሉንም ጻፈች፤ ያን ዕለት ከጠረጴዛችን ላይ የቆዳ ቁራጩን፣ ትሉ ሞቶ የሚገኘውን የሐር ክር፣ ወረቀት የምናጥፍበትን የአጥንት መጫኛ ሳይቀር ሰብስባ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈች። ለእኔ የቀርከሃ መጫኛ ቀረጸችልኝ። ባ ያን ቀን "ጥሩቤን" ብለው ጠሩኝ፤ ቤን ማለት እህት ነው። ስሜ ጥሩወርቅ ነው፣ ወርቁን ትተው እህት ጨመሩበት።

ያ ክረምት በሥራ ዘመኔ ሁሉ የጣፈጠው ነው። ማርጋሬት መብራቱን ዝቅ አድርጋ ከጎን ስታበራ የሠሪዎቹ እጅ ታየን። ጸሐፊው መስመር አላሰመረም፤ ሰሌዳ ላይ ክሮች ወጥሮ፣ ወረቀቱን ከላይ አድርጎ በጣቱ ሲያሸው የክሩ ቅርጽ ጎድጉዶ ቀርቷል። ፊደላቸው ከመስመር ላይ አይቆምም፣ ከመስመር ይንጠለጠላል፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ይመስላል። ጸሐፊው ሲጽፍ ለሥዕል የሚሆን አራት ማዕዘን ባዶ ይተውና ሕዳጉ ላይ በደቃቁ ለሠዓሊው መልእክት ያስቀምጣል፦ እዚህ ዝሆን ሥራ፣ እዚህ ንግሥት። ሠዓሊው ወርቁን ቀድሞ ያነጥፋል፣ ከዚያ በቀዩና በሰማያዊው ዙሪያውን ሲሞላ ሰዎቹ ወርቅ ሆነው ይቀራሉ። ሁሉም በጎን ነው የሚያዩት፤ ወዲያኛው ዓይን ግን ከፊታቸው አልፎ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ጋሽ በረኸት አጎንብሰው አዩና፣ "ይሄኛው ዓይን ወዴት ነው የሚሄደው?" አሉ። "እኛን ሊጠብቅ ነው" አለች ማርጋሬት፤ "ሙጫ እንዳናበዛ።"

በየቅጠሉ መካከል ቀይ ክብ አለ። እኔ ፀሐይ መስሎኝ ነበር። ከወረቀት በፊት መጽሐፋቸው የዘንባባ ቅጠል ነበር፤ መካከሉ ተበስቶ ክር ይገባበታል። ወረቀት መጥቶ ክሩ ሲቀር ቀዳዳው አላስፈለገም፤ ግን ቦታውን ባዶ መተው አልሆነላቸውም፣ ቀይ ቀለም ቀቡበት። ያን ስሰማ እነዚያን ሰዎች ወደድኳቸው። እኔም ባሌ ከሞተ በኋላ ወንበሩን አላነሣሁም።

የተሰበረውን ሁሉ በስንዴ ስታርችና በስስ የጃፓን ወረቀት ጠገንን። አንድ ቅጠል ብቻ አስቸገረ። ሥዕሉ የታላቁ አስተማሪያቸው እናት ናት፤ ንግሥቲቱ አልጋዋ ላይ ተኝታ ዐሥራ አራቱን ሕልሞች የምታይበት። የአልጋ ልብሷ አረንጓዴ ነው፤ ከመዳብ ዝገት የሚሠራ ቀለም። እንዲህ ያለው ቀለም ወረቀት ይበላል፤ ከሥሩ ቡናማ ሆኖ እንደ ተቃጠለ ቂጣ ይሰነጠቃል። ስታርች ውሃው ስለሚበዛ መርዙን ያዛምተዋል። ማርጋሬት ሁልጊዜ እንደምታደርገው በጀላቲን አረጋጋችው። ቆንጆ ሥራ ነበር፤ ስንጥቁ የት እንደነበር እኔ ራሴ አጣሁት።

በበጋ ባ ሊያዩ መጡ። ማርጋሬት ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ገለጠችላቸው። ባ አፋቸውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ሥዕሉ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ቀና ሲሉ ሞቅ ባለው ውሃ ውስጥ የቆመችውን ጠርሙስ አዩ። አንድ ነገር ጠየቁ።

"ምንድን ነው ትላለች" አለ ራጄሽ።

"ጀላቲን ነው" አለች ማርጋሬት። "አረንጓዴውን ያረጋጋሁት በእሱ ነው።"

የራጄሽ ፊት ተለወጠ። ለእናቱ አጭር ነገር ተናገረ፤ ቋንቋውን ባላውቅም በጣም አጠረችብኝ። ማርጋሬትም ገባት።

"ምን አልካቸው?"

"ኬሚካል ነው አልኳት። ማርጋሬት፣ ማወቅ የለባትም፣ ፕሊስ።"

ማርጋሬት ቁም ሣጥኑን አየችው፤ የቆለፈችበትን። ከዚያ ጠርሙሷን። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ነው" አለች። "ንገራቸው።"

"እናቴ ናት፤ እኔ ነኝ ወደ ቤት ይዣት የምሄደው።"

"መጽሐፉም ይሄዳል። ንገራቸው።"

ነገራቸው። ባ አልጮሁም፣ አልተቆጡም። ቅጠሉ ጫፍ ላይ የነበረውን እጃቸውን አነሡና ሳሪያቸው ውስጥ ከተቱት። ዝግ ብለው ተናገሩ፤ ራጄሽ መሬት መሬት እያየ ተረጎመ። "ስንራመድ ጉንዳን እንዳንረግጥ የሚያስተምር መጽሐፍ ነው። አባቶቻችን ቆዳ ላይ አልጻፉትም። አሁን አጥንት ነካው።"

እኔ ጾም ሲገባ የከረሜላ ጀርባ ገልብጬ ጀላቲን አለበት የለበትም የማነብ ሴት ነኝ። ያን ጠርሙስ ስንት ጠዋት አማስዬዋለሁ። ከወረቀቱ ጋር ሲገናኝ ግን ስሙ መድኃኒት ሆነብኝ፤ የሦስታችንም ሕመም ይኸው ነው።

ሲሄዱ ማርጋሬት ሳንድዊች በምትበላበት ክፍል ተቀመጠች፤ ሳንድዊች አልያዘችም። "ቆዳውን አወጣሁ፣ ሐሩን አወጣሁ፣ አጥንቱን አወጣሁ። ያቺን ግን በየቀኑ ስለማያት አላየኋትም" አለች።

"ማውጣት አይቻልም?" አልኳት።

"በሞቀ ርጥበት ሊሞከር ይችላል። ግን አረንጓዴው አብሮ ይሄዳል፣ ምናልባት ንግሥቲቱም። ካልነካሁት ደግሞ ከመጽሐፉ መካከል መግባት አይችልም።"

ጋሽ በረኸት ካርቶን መቁረጣቸውን ትተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። "ሐኪሙ በሽተኛውን አዳነ፣ ቤተሰቡ ግን አልቀበልም አለ" አሉ በአማርኛ። እኔ አልተረጎምኩም፤ ማርጋሬትም አልጠየቀችኝም።

ከትንሽ ቀናት በኋላ ራጄሽ ደወለ። ማርጋሬት ስፒከር ላይ አደረገችው፣ የባ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። "ባ የምትለው፣ በድሮ ጊዜ አንድ ቅጠል ሲበሰብስ ወይም ምስጥ ሲበላው ሌላ ቅጠል ይጻፍና በቦታው ይገባ ነበር። ወረቀቱን እናንተ ሥሩ፣ ጽሑፉን እሷ ትጽፋለች። ልጅ ሆና አባቷ አስተምሯታል። ግን ጾሙ ቅርብ ነው፤ ይደርሳል ወይ ነው ጥያቄዋ።"

"አሮጌው ቅጠልስ?" አለች ማርጋሬት።

ባ ከሩቅ መለሱ። "ከንባቡ በኋላ እንነጋገር ትላለች።"

ወረቀት መሥራት ቀላል መስሎን ነበር። መጋዘናችን ውስጥ ያለው ጥሩ ወረቀት ሁሉ፣ ለካ፣ ፋብሪካው ራሱ በጀላቲን አጥብቆታል። ማርጋሬት አንዱን አንሥታ "ይኸውና" ትላለች፣ ሌላውን አንሥታ "ይኸውና"፤ ዕድሜዋን ሙሉ ምን ስትነካ እንደኖረች ያን ቀን ነው የቆጠረችው። በመጨረሻ ምንም ያልተቀባ የጥጥ ወረቀት አስመጣን። ጥሬ ስለሆነ ቀለም ሲነካው ይጠጣል፤ የመጀመሪያው ሙከራችን ፊደሉ እግር አወጣ። የሩዝ ስታርች አቅጥነን ቀባነው። ቸኩለን ሳይደርቅ አሸነው፣ ተላጠ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው። እንደገና ቀብተን፣ አድርቀን፣ ማርጋሬት ከዱሉዝ ሐይቅ ዳር የለቀመችውን ቀይ ለስላሳ ድንጋይ ሰጠችኝ። በእሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሸሁት፤ ትከሻዬ እስኪዝል፣ ወረቀቱ እንደ ዕንቁላል ቅርፊት እስኪያበራ። ጣውላ ላይ የጥጥ ክር ወጥረን መስመሩን በጣታችን አወጣን።

ቀለሙ የጋሽ በረኸት ሆነ። ዕቃ ማራገፊያው በር ላይ በሰሊጥ ዘይት ኩራዝ ለኮሱ፣ ከላዩ የሸክላ ሳህን ደፍተው ጥላሸቱን ሰበሰቡ፤ የሕንፃው ጥበቃ ጭስ ሸቶት እየሮጠ መጣ።

"ምንድን ነው የምታደርገው?"

"ቀለም እያፈላሁ ነው።"

"እስቴፕልስ ሱቅ እኮ ይሸጣል።"

"እሱ ውስጥ የማን አጥንት እንዳለ አላውቅም" አሉት ጋሽ በረኸት፣ እኔን እያዩ። ጥላሸቱን በግራር ሙጫ ሲያሹ ዋሉ። ሙጫውን ሲያሸቱ፣ ልጅ ሆነው ባርካ ቆላ ከግራሩ ላይ እየላጡ እንደሚበሉት አጫወቱኝ።

ወረቀቱንና ቀለሙን ይዤ ፕሊማውዝ ድረስ ድራይቭ አደረግሁ። ባ ታጥበው፣ አፋቸውን ሸፍነው፣ መሬት ላይ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠዋል። የመቃ ብዕሩን ቀለሙ ውስጥ ነክረው የመጀመሪያውን ፊደል ከመስመሩ አንጠለጠሉ። እንደ ጥንቱ ጸሐፊ ለሥዕሉ አራት ማዕዘኑን ባዶ ተዉት። "ሠዓሊ አጣን" አለ ራጄሽ። ባ ሳቁ። ድሮም ሠዓሊው ሳይመጣ የቀረባቸው መጻሕፍት ብዙ ናቸው፣ ሰው ግን ያነባቸዋል አሉ። ሲጨርሱ ለመነሣት እጃቸውን ሰጡኝ። ወገባቸው ተቆልፎ ነበር። "ጥሩቤን፣ የጥንት ጸሐፊዎች መጽሐፍ ሲጨርሱ ወገቤ ተሰበረ እያሉ ለምን እንደሚጽፉ አሁን ገባኝ" አሉኝ በልጃቸው አፍ።

ንባቡ የተደረገው በራጄሽ ሳሎን ነው። ማርጋሬት፣ ጋሽ በረኸትና እኔ ጫማችንን ጋራዥ አውልቀን ገባን። ማርጋሬት ቀሚስ ለብሳ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አሮጌውን ቅጠል በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ጥግ ተቀመጠች። ወንበር ቢሰጧት እምቢ አለች። ከመካከላቸው የተማሩ አንድ ሽማግሌ መጽሐፉን ከፍ ባለ መደገፊያ ላይ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ቅጠሎቹ ከላይ ወደ ታች ይገለበጣሉ። ሕልሞቹ ጋ ሲደርሱ ማርጋሬት ጭኗ ላይ ያለውን ጨርቅ በሁለት እጇ ያዘች። ሽማግሌው አዲሷን ቅጠል አነሡ። አነበቧት። ገለበጧት። ድምፃቸው አልተደናቀፈም፣ ማንም ቀና አላለም። ባ ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በከንፈራቸው አብረው እያሉ ነበር።

ሰው ምግብ ላይ ሲሆን ባ ወደ ጥጋችን መጡ። ሽንኩርት እንኳ የማይገባበት ምግብ ነው፤ እኛ በጾም ያለ ሽንኩርት ምን እንሆን ነበር እያልኩ እበላለሁ። ማርጋሬት ተነሣች። ጨርቁን ፈታ ቅጠሉን በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

"የቀባሁትን ለማውጣት እሞክራለሁ" አለች። "አረንጓዴው ሊጠፋ ይችላል። እሷም ልትጠፋ ትችላለች። እርስዎ ካሉኝ ነገ እጀምራለሁ።"

ራጄሽ ተረጎመ፤ ይህን ጊዜ አላሳጠረም። ባ ጎንበስ ብለው ሥዕሉን አዩ፣ ወርቋን ንግሥት፣ አልጋዋን፣ ያን ክፉ አረንጓዴ። ከዚያ ከማርጋሬት እጅ ላይ ጨርቁን በአራቱም ጫፍ አጠፉና ሸፈኑት፤ ቅጠሉን ግን አልነኩትም።

"ተኝታለች ትላለች" አለ ራጄሽ። "አትቀስቅሷት። ለብቻዋ ሳጥን ሥሩላት፣ ከመጽሐፉ አጠገብ ትቀመጥ።"

ጋሽ በረኸት ከወዲያ ሆነው ሰምተው ኖሮ፣ ሳህናቸውን አስቀምጠው ከኪሳቸው ሜትር አወጡ።